የእንቍላል ቀለምና የዶሮ ዕድሜ፤ ለምዕራብ ሸዋ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች የቀረበ ሐሳብ



ስለ ዶሮ መጻፍ ለትልቅ ሹም የማይገባ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በሬ የሌለው ድኻ ዶሮ አለው፤ መሬት የሌላትም መበለት በጓሮዋ ኹለት ሦስት ዶሮ ታረባለች። የልጅ ደብተር፥ የጨውና የሳሙና፥ የመድኃኒትም ዋጋ ከዶሮ ቆጥ ሲወርድ ኹልጊዜ እናያለን። ስለዚህ የዶሮ ነገር የድኻ ቤት ነገር ነው፤ የድኻ ቤት ነገርም የአስተዳደር ነገር ነው።

በዚህ ዘመን ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፈው የስልክ ሥዕል ሰማያዊ እንቍላል የምትጥል ዶሮ ትታያለች። ሥዕሉን ያየ ይደነቃል፤ ከተደነቁትም አንዳንዶቹ ይኽ ዘር ወደ አምቦና ወደ ጉደር፥ ወደ ሸነንም ቢመጣ ይበጅ እንደ ኾነ ይጠይቃሉ። አዲስ ነገር መፈለግ የእርሻ እድገት መጀመሪያ ነውና ጥያቄው አይነቀፍም። ነገር ግን ጥያቄው ከርሱ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ በውስጡ ስለ ያዘ፥ ኹለቱንም አያይዤ ልመልስ አስቤአለሁ። ሐሳቤም በአጭሩ ይኽ ነው፦ ዶሮ በቅርፊቷ ቀለም አትመረጥም፤ የምትመረጠው ባለቤቷ ሊያበላትና ሊጠብቃት በሚችለው ልክ ነው። ሹምም ባከፋፈለው ጫጩት ቍጥር አይመስገን፤ የሚመሰገነው ከዓመት በኋላ በሕይወት ኖረው በሚጥሉት ዶሮዎች ቍጥር ይኹን።

ሰማያዊው እንቍላል ከወዴት መጣ

ሰማያዊ እንቍላል በመጣል ስሟ የታወቀው ዶሮ አገሯ በደቡብ አሜሪካ ያለው ቺሌ ነው። ማፑቼ የተባሉት የዚያ አገር ሰዎች ሲያረቧት የኖሩትን ዶሮ የውጭ ሰዎች አራውካና ብለው ጠሯት። ሳልቫዶር ካስቴሎ የተባለ የእስፓኝ የዶሮ እርባታ መምህር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. በሄግ ከተማ ለተሰበሰበው የዓለም የዶሮ ጉባኤ ስለ እርሷ አስታወቀ። በ1933 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የካምብሪጁ ፕሮፌሰር ፐኔት የዘሯን ነገር መርምሮ፥ ሰማያዊው ጠባይ ከእናት ወይም ከአባት ካንደኛው ብቻ ቢወረስ እንኳ በልጅ ላይ የሚገለጥ ኀያል ጠባይ መኾኑን አስረዳ። ከዚህም በኋላ ይኽን ዘር ከሌሎች ጋራ በማዳቀል ክሬም ሌግባር የተባለው ዘር በዚያው በካምብሪጅ ተገኘ። በቻይናም ዶንግሺያንግና ሉሺ የተባሉ ሰማያዊ እንቍላል የሚጥሉ ዘሮች አሉ።

ምክንያቱ የታወቀው ግን በቅርብ ጊዜ ነው። በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጡ ጥናቶች እንዳስረዱት፥ ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ቫይረስ በዶሮ ዘር ውስጥ ገብቶ እዚያው ስለ ቀረ፥ ቢሊቨርዲን የተባለው ከሐሞት ወገን የኾነ ቀለም እንቍላሉ በሚሠራበት ቦታ ወደ ቅርፊቱ እንዲገባ ምክንያት ኾነ። ይኽ ቀለም ቅርፊቱን ከውጭ እስከ ውስጥ ይዘልቀዋል፤ የቡናማ እንቍላል ቀለም ግን በላይኛው ገጽ ላይ እንደ ተቀባ ነው። ስለዚህ ሰማያዊ የምትጥለው ዘር ቡናማ ከምትጥለው ጋራ ስትዳቀል ልጅዋ አረንጓዴ መሳይ እንቍላል ትጥላለች።

ይኽ ኹሉ የሚያስደንቅ የፍጥረት ሥራ ነው። ነገር ግን ቅርፊቱ ከተሰበረ በኋላ ወደ መጥበሻው የሚወርደው ነጩና አስኳሉ እንደ ማንኛውም እንቍላል ነው። ሰማያዊነቱ ምግብነትን አይጨምርለትም፤ መድኃኒትም አያደርገውም። እንዲህ ያለ ኀይል አለው እያለ በትርፍ ዋጋ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ቢኖር፥ ነጋዴ እንጂ መካሪ አለመኾኑን ዕወቁ።

ከዚች ዶሮ የምናገኘው ትልቁ ትምህርት ስለ ዲቃላ ዘር ጠባይ ነው። አንዲት ዲቃላ ዶሮ ሰማያዊውን ጠባይ ከአንድ ወላጅዋ ብቻ ብትወርስ እርሷ ራሷ ሰማያዊ ትጥላለች። ይኹን እንጂ ነጭ እንቍላል ከሚጥል ዘር በተወለደ አውራ ብትረባ፥ ከሴቶች ልጆችዋ በግምት እኩሌታዎቹ ብቻ ሰማያዊ ይጥላሉ። አውራውም ጠባዩን ቢይዝ እንቍላል ስለማይጥል በዐይን አይለይም። በአንድ ምክንያት ብቻ የሚመጣው ቀለም እንኳ በአንድ ትውልድ እንዲህ ከተበተነ፥ ብዙ መጣልንና ቶሎ ማደግን የመሳሰሉት፥ በብዙ ምክንያቶች ተባባሪነት የሚገኙት ጠባዮች ይልቁን እንዴት አይበተኑ?

ስለዚህ «ዲቃላዪቱን አንድ ጊዜ ገዝተን እንቍላሏን እያስታቀፍን እናበዛታለን» የሚል ዕቅድ የትም አያደርስም። የዲቃላ ጥቅሟ በመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ ለሚቀጥለው ዙር እንደ ገና ከታወቀ ማራቢያ መግዛት ያስፈልጋል። ደግሞም እንቍላል ለመጣል ብቻ የተመረጠች ዶሮ የመታቀፍን ጠባይ አጥታለች። ወንጌል የእናትነት ምሳሌ ያደረጋት፥ ጫጩቶችዋን ከክንፏ በታች የምትሰበስበው ዶሮ፥ ያቺ የአገራችን ዶሮ ናት እንጂ ይህች አይደለችም። ይኽን ኹሉ ገበሬው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊነገረው ይገባል፤ ከከፈለ በኋላ የሚነገረው ምክር ጸጸት ብቻ ያተርፍለታልና።

ስለ እኛ አገር የቀለም ምርጫ

የእኛም ባላገር በቀለም መምረጥ ያውቃል። ገብስማ፥ ወሰራ፥ ኮክማ፥ ዛጎልማ እያለ ለላባው ኹሉ ስም አውጥቶለታል፤ በበዓል ገበያም ቀዩ አውራ ከጥቁሩ የተሻለ ዋጋ ሲያወጣ እናያለን። የሐበሻ ዶሮ እንቍላልም ከፈረንጁ እያነሰ ተፈላጊነቱ ይበልጣል፤ ገዢው አስኳሉ ደማቅ ቢጫ፥ ጣዕሙም ልዩ ነው ይላልና። ነገር ግን የአስኳሉ ቢጫነት ዶሮዋ ከምትለቅመው ለምለም ሣርና ከቢጫ በቈሎ የሚመጣ ነው። ጎመንና ሣር እየታጨደ የሚሰጣት ዲቃላም አስኳሏ ይደምቃል። እንግዲህ የገበያን ምርጫ መናቅ አይገባም፤ ኾኖም ቀለም ከሚጠየቁት ነገሮች የመጨረሻው ይኹን። አስቀድሞ የሚጠየቀው «ይህች ዶሮ በዚህ ቤት በሕይወት ትቈያለችን?» የሚለው ነው።

በእጃችን ያሉት ዘሮች

የውጭ ዘር ወደ አገራችን ሲገባ ዛሬ የመጀመሪያው አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ሮድ አይላንድ ሬድ፥ ኒው ሃምፕሻየር፥ አውስትራሎርፕና ነጭ ሌግሆርን ገብተው ነበር። ከዚያም ወዲህ ብዙ አውራና ብዙ ጫጩት ለገበሬ ታድሏል። ይኹን እንጂ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የናሙና ጥናት በአገሪቱ ካሉት 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች ከአምስቱ አራቱ ገደማ የአገር ዘር ኾነው ተገኝተዋል። ለዚህ ብዙ ምክንያት ቢሰጥም፥ ከስድሳ ዓመት እደላ በኋላ የተገኘው ይኽ ቍጥር የታደለው ኹሉ በገበሬው ጓሮ ሥር እንዳልሰደደ ያሳያል።

ዛሬ ምርጫው ከቀድሞው ሰፊ ነው። ቦቫንስ ብራውን የተባለችው ለእንቍላል ብቻ የተዳቀለች ስትኾን፥ በሙሉ መኖና በጥሩ ቤት ብትያዝ በዓመት ከ300 በላይ ትጥላለች። ነገር ግን ጭራ እንድትበላ ብትለቀቅ ከስታ ትቀራለች። ሳሶ የተባለው ከፈረንሳይ የመጣው ዘር ለሥጋም ለእንቍላልም ይኾናል፤ ሰውነቱም ከበድ ያለ ስለ ኾነ አውራው በበዓል ገበያ ይፈለጋል። ኮይኮክ የተባለው ጥቁርና ነጭ ዝንጕርጕር ዘር በደቡብ አፍሪካ በፖቸፍስትሩም ከአውስትራሎርፕ፥ ከሌግሆርንና ከፕሊማውዝ ሮክ የተገኘ ነው፤ በጓሮ መዋልንም ይችላል።

ከእነዚህም ሌላ ለምዕራብ ሸዋ ጎረቤት ከኾነው ከሆሮ ጉዱሩ የተገኘው የሆሮ ዶሮ አለ። የቢሾፍቱ የእርሻ ምርምር ማዕከል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ ይኽን የአገር ዘር ከትውልድ ወደ ትውልድ እየመረጠ በማራባት፥ በጥቂት ትውልድ የሚጥለውን እንቍላል ከእጥፍ በላይ አሳድጎታል፤ በሕይወት የሚቈየውም ቍጥር ጨምሯል። ያልተመረጠችው የአገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 የሚደርስ ትንንሽ እንቍላል ነው። ይኹን እንጂ ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች፥ ጭልፊት ሲያንዣብብ ትሸሸጋለች፥ መኖዋንም ራሷ ትፈልጋለች። ከውጭ የሚመጣውን ዘር ስናመሰግን ይኽን ሀብት መርሳት አይገባም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ተረት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

የትኛው ዘር ለየትኛው ቦታ እንደሚስማማ ለመለየት መንገድንና መኖን መመልከት ይበቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው ጐዳና ላይ ያሉት ሆለታ፥ ጊንጪ፥ አምቦና ጉደር መኖ የሚገባላቸው፥ ክትባት ቀዝቅዞ የሚደርስላቸው፥ እንቍላልም በየሆቴሉ የሚሸጥላቸው ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ገንዘብና ቤት ላለው ሰው ቦቫንስ ብራውን ትስማማዋለች። ብርድና ዝናብ በሚበዛበት በጅባት ደን ዙሪያ ባለው በሸነን፥ በጀልዱም ደጋ፥ መኖ ከሩቅ በሚመጣበት የገጠር ቀበሌ ግን ሆሮን ወይም ኮይኮክን፥ ጥቂት ጭማሪ መኖ ለሚችልም ሳሶን መስጠት ይሻላል። አንድ ዓይነት ጫጩት በአንድ መኪና ጭኖ ለከተማውም ለደጋውም እኩል ማደል ለመዝገብ ይቀላል፤ ለዶሮዋ ግን ሞት ነው።

ሰማያዊ እንቍላል የምትጥለውን ዘር ማየት የሚወድ ባለጸጋ ቢኖር አልከለክለውም። ነገር ግን ያለ መንግሥት ፈቃድና ያለ እንስሳት ሐኪም ምስክር ወረቀት ዶሮም ኾነ የሚታቀፍ እንቍላል ከውጭ አያስገባ፤ ያስገባውንም ከሌላው ለይቶ ያኑር፤ አውራዎቹንም ወደ መንደሩ አይልቀቅ፤ የሆሮንና የሌላውን የአገር ዘር ደም ያደፈርሳሉና። ከዚያም በፊት ዘሩ በአገራችን ሰዎች እጅ ቢፈተን ይሻላል። በአምቦ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ኾኖ የተጀመረው ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ኾኗል፤ በጉደርም የእርሻ ትምህርት የሚሰጥበት ቅርንጫፍ አለው። ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 በኢትዮጵያ፥ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የጀመረው የዶሮ ሥራ ልዩ ልዩ ዘሮችን በገበሬዎች ጓሮ አስቀምጦ ማስተያየት ነበር። ይኽ መንገድ መልካም ስለ ኾነ፥ አዲስ ዘር ኹሉ በዚህ መንገድ ሳይፈተን አይታደል።

ስለ መኖና ስለ ቤት

የምትጥል ዲቃላ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። ዐሥር ዶሮ ያለው ቤት እንግዲህ በዓመት ከ4 ኩንታል በላይ መኖ ማቅረብ አለበት። ዐሥር ጫጩት ስትሰጡት ይኽን የ4 ኩንታል ግዴታ አብራችሁ እንደ ሰጣችሁት አትርሱ። ገበሬው በቤቱ ያለውን በቈሎ፥ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቢቀላቅል ወጪው ይቀልለታል። ኾኖም የሻገተ እህልና የሻገተ ፋጉሎ ጕበትን የሚጎዳ መርዝ ስለሚያበቅል «ለዶሮ ይኾናል» ተብሎ ሊሰጥ አይገባውም።

አንዲት ዶሮ ለአንድ ቅርፊት ብቻ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ታወጣለች። ይኽን በመኖዋ ካላገኘች ከአጥንቷ እየቀነሰች ትጥላለች፤ በመጨረሻም ቅርፊቱ ይሳሳል፥ እግሯም ይደክማል። ለሲሚንቶ የሚቈፈረው የኖራ ድንጋይ በሙገር አካባቢ አለ፤ ያልተቃጠለው ድንጋይ ተፈጭቶ ቢሰጣት ይበቃታል፤ ለግድግዳ መለሰኛ የሚኾነው የተቃጠለው ኖራ ግን ያቈስላታል። የእንቍላል ቅርፊትም ተቀቅሎ፥ ደርቆና ተወቅጦ ይሰጣል። ውሃ ደግሞ ከምትበላው መኖ በክብደት እጥፍ ያህል ትጠጣለች፤ ግማሽ ቀን ውሃ የተነሣች ዶሮ የመጣል ሥራዋ ይጓደላል።

ለቤቷ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ዶሮ ብቻ ይኑር፤ ወለሉ ደረቅ ጭድ ይነጠፍበት፤ በስተላይ ነፋስ የሚያስገባ መስኮት በሽቦ ይታጠር፤ ለ5 ዶሮም አንድ ጨለም ያለ መጣያ ይዘጋጅ። ሌሊት ሸለምጥማጥ የማይገባበት መዝጊያ ይኑረው። ሰው ከሚተኛበት ቤት ጋራ አንድ አድርጎ ማሳደር ለሰውም ለዶሮም ጤና አይስማማም። መብራት ያላቸው ባለ ብዙ ዶሮዎች፥ በአገራችን ቀኑ 12 ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ኾነ፥ ብርሃኑን እስከ 16 ሰዓት ቢያራዝሙላቸው ይጠቀማሉ።

በሸነንና በመሰሉት ደጋዎች ብዙ ጫጩት የሚያልቀው በብርድ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስላታል። ይኽን ሙቀት መስጠት የማይችል ቤት የአንድ ቀን ጫጩት አይቀበል። በከተማ ባሉ አሳዳጊዎች እጅ እስከ 2 ወር ድረስ አድጋ፥ ክትባቷንም ጨርሳ ትምጣ። ዋጋዋ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን አንዲት በሕይወት የምትቈይ ቄብ ከአምስት ከሚሞቱ ጫጩቶች ትረክሳለች።

ስለ በሽታና ስለ ጊዜ

ፈንግል የተባለው በሽታ በአንድ ሳምንት ቀበሌውን ኹሉ ያለ ዶሮ ሊያስቀር ይችላል። ለርሱ መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ነው። በቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት የሚያዘጋጀው ብሔራዊ ተቋም ሙቀትን የሚችል፥ በዐይን በአንድ ጠብታ የሚሰጥ የፈንግል ክትባት ያዘጋጃል። ይኽም በየሦስት በየአራት ወሩ ይደገማል። ሹሙ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፤ አንዲት ሴት ለ5 ዶሮዋ ብላ የመቶ ዶሮ ብልቃጥ ልትገዛ አትችልምና፥ ቀበሌው በሙሉ በአንድ ቀን ተሰብስቦ እንዲያስከትብ ማድረግ የአስተዳደር ሥራ ነው። ይልቁንም በሽታው ክረምት ሲገባና የበዓል ገበያ ዶሮን ከየቦታው ሲያቀላቅል ስለሚበረታ፥ ክትባቱ ከዚያ ይቅደም። ከገበያ ተመልሶ የመጣ ዶሮም ኹለት ሳምንት ያህል ለብቻው ይዋል ይደር።

የእደላውም ወር ሊታሰብበት ይገባል። የ2 ወር ቄብ በጥቅምት ብትሰጥ መጣል የምትጀምረው በጥርና በየካቲት ነው፤ ያን ጊዜ ዐቢይ ጾም ይገባና የእንቍላል ዋጋ ይወድቃል። በጥር ብትሰጥ ግን በሚያዝያ፥ በፋሲካ ገደማ መጣል ትጀምራለች፤ ብርቱ ዝናብ ሳይመጣም ሰውነቷ ይጠነክራል። የበጀት መዝጊያ ደረሰ ተብሎ በሰኔ ዝናብ የሚታደል ጫጩት ለጭቃና ለፈንግል የሚሰጥ ነው።

የምትጥለውን ከማትጥለው ለመለየት

ዶሮ ስትገዙ የፈለፈለበትን ቀን፥ የዘሩን ስምና የተሰጠውን ክትባት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ይኽን የማይሰጥ ሻጭ ዘሩን ሳያውቅ ላባውን የሚሸጥ ነው። ዐይኗ የጠራ፥ እግሯ ቀጥ ያለ፥ ከኋላዋም ኵስ ያልተለጠፈባት ትመረጥ።

መጣል ከጀመሩ በኋላ ደግሞ በየጊዜው መለየት ያስፈልጋል። የምትጥለው ዶሮ በራሷ ላይ ያለው ሥጋ ቀይና ለስላሳ ነው፤ ቢጫ የነበረው እግሯና አፏ እየነጣ ይሄዳል፤ በስተኋላዋ ባሉት በኹለቱ ቀጫጭን አጥንቶች መካከልም ኹለት ወይም ሦስት ጣት ይገባል። የማትጥለው ራሷ የገረጣና የተጨማደደ ነው፤ አጥንቶቹም አንድ ጣት በጭንቅ ያስገባሉ። ባለቤቷ በየሳምንቱ ስንት እንቍላል እንዳገኘና የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ የስንት እንቍላል ዋጋ እንደ ኾነ ጎን ለጎን ይጻፍ። የመኖው ዋጋ ከእንቍላሉ የበለጠ ቀን ትሸጥ ወይም ትታረድ። ምን ያህል እንደምትጥል ሳያውቁ መኖ ማቅረብ ዕዳን መቀለብ ነው።

ስለ ቍጥር

በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የሌማት ትሩፋት ሥራ ከተጀመረ ወዲህ የዶሮ ነገር በየወረዳው ትልቅ ስፍራ አግኝቷል፤ ይኽም የሚያስደስት ነው። በጽሕፈት ሥራ የሚያገለግል ሰው ግን ከብዙው ወረቀት አንድ ነገር ሲጐድል ይመለከታል። ስንት ጫጩት እንደ ታደለ ተጽፎ ይመጣል፤ ስንት እንደ ቀረ ግን አይጻፍም።

ለምሳሌ ያህል ኹለት ወረዳዎችን እናስብ። አንደኛው 10,000 ጫጩት አድሎ ከዓመት በኋላ 1,500 ቢቀሩት፥ ኹለተኛው 2,000 አድሎ 1,600 ቢቀሩት፥ በዛሬው አጻጻፍ የሚሸለመው የመጀመሪያው ነው። የሚበላ እንቍላል ያለው ግን በኹለተኛው ነው። የመጀመሪያው የ8,500 ዶሮ ዋጋ በመሬት ቀብሯል፤ ያም ዋጋ ከመንግሥት ሣጥን ብቻ የወጣ አይደለም። ብዙ ሴቶች ከብድር ማኅበር ተበድረው ይገዛሉ፤ ዶሮዋ ትሞታለች፥ ዕዳው ግን አይሞትም። ያቺ ሴት በሚመጣው ዓመት የእርሻ ሠራተኛ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምርጥ ዘር ሊመክራት ሲመጣ ደጇን ብትዘጋበት ማን ይፈርድባታል? በአንድ ዶሮ የጠፋ አመኔታ በአንድ ዶሮ አይመለስም።

ስለዚህ በየወረዳው መዝገብ ላይ እነዚህ ነገሮች እንዲጨመሩ አሳስባለሁ። አንደኛ፥ የታደለው ዘር፥ ቍጥሩና በስንት ቀን ዕድሜው እንደ ተሰጠ። ኹለተኛ፥ በ6ኛውና በ12ኛው ወር በሕይወት የተገኘው ቍጥር። ሦስተኛ፥ የሞቱት በብርድ፥ በበሽታ፥ በአውሬ ወይስ በረኃብ እንደ ኾነ። አራተኛ፥ በሳምንት የተገኘው እንቍላል፥ ከመኖውና ከእንቍላሉ ዋጋ ጋራ። ይኽን ለማድረግ ኹሉን ቤት መዞር አያስፈልግም፤ የልማት ሠራተኛው በየቀበሌው በዕጣ የወጡ 10 ቤቶችን ቢያይ የቀረውን ለመገመት ይረዳል። ቤቶቹን የሚመርጠው ዕጣ ይኹን እንጂ የቀበሌው ሹም አይኹን፤ ሹም የመረጠው ቤት ኹልጊዜ ዶሮው ደኅና ነውና።

«እንዲህ ያለ ቍጥር ብንጽፍ ድካማችን ይሰደባል» የሚል ሹም ሊኖር ይችላል፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የሞቱት ያልተጻፉለት ወረዳ በሚመጣው ዓመት ያንኑ ዘር፥ በዚያው ወር፥ ለዚያው ብርድ እንደ ገና ይሰጣል። የሞቱት የተጻፉለት ወረዳ ግን ምክንያቱን ዐውቆ ይለውጣል። ስለዚህ የበላይ አለቆች ሞትን በእውነት የጻፈውን ሹም ከመንቀፍ ይጠበቁ፤ የሚነቀፈው ሞቱን የደበቀው ነው።

እንግዲህ በስልክ ላይ ያያችኋት ዶሮ ሰማያዊ መጣሏ መልካም ነው፤ የፈለገ ይያት፥ የቻለም ፈቃድ አውጥቶ ያርባት። በሸነን ደጋ ለምትኖረው መበለት ግን የሚያስፈልጋት ብርዱን የቻለች፥ ክትባቷን ያገኘች፥ በሚያዝያ መጣል የጀመረች፥ በሚመጣውም ዓመት በዚያው ወር በቆጧ ላይ የምትገኝ ዶሮ ናት። ይኽን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ባለፈው ዓመት በወረዳችሁ ከታደሉት መካከል 10 ቤቶች በዕጣ ታውጡና በዚህ ሳምንት ታስጐበኙ ዘንድ እለምናለሁ። የሚገኘው ቍጥር ትንሽ ቢኾንም ይጻፍ፤ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነውና።